ፎይል ፊኛ ከመብራት ሽቦ ጋር እንዳይገናኝ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው። ፊኛ ለሚሸጥ ወይም ዲኮር ለሚሠራ፣ ድግስ ለሚደግስ፣ እንዲሁም በቀበሌ ወይም በከተማ አስተዳደር ደንብ ለሚያረቅ። ሦስቱም አንድ ነገር ላይ ቢስማሙ ብዙ ጉዳት ይቀራል። በሂሊየም የተሞላ ፎይል ፊኛ አንዴ ከእጅ ካመለጠ የሚቆጣጠረው የለም። ሽቦ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ የሚያወርደው የመብራት ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ መጥበቅ ያለበት ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ፊኛው ሲሸጥና ድግሱ ሲያልቅ።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንረዳ

ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ደንቡን አያከብርም። ስለዚህ ከዚህ እንጀምር።

የሚያብረቀርቀው ፊኛ ጎማ አይደለም። ፖሊስተር የሚባል ስስ ፕላስቲክ ሲሆን ላዩ እጅግ በሳሳ አልሙኒየም ተለብጧል። ይህ ሽፋን ሂሊየሙ ቶሎ እንዳያመልጥ ይይዛል። የጎማው ፊኛ በማግስቱ መሬት ሲወርድ ፎይሉ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ችግሩ አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። በረጃጅም ምሰሶዎች አናት ላይ ሦስት ሆነው የሚሄዱት ሽቦዎች ግን ባብዛኛው 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የያዙ ናቸው። ብዙዎቹ ራቁት ናቸው፤ ምንም የለበሱት ነገር የለም። አንዱን ከሌላው የሚለየው በመሃላቸው ያለው አየር ብቻ ነው። ወፍ አንዱ ሽቦ ላይ ብታርፍ ምንም አትሆንም፤ የነካችው አንዱን ብቻ ስለሆነ። ፎይል ፊኛ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊነካ ይችላል። ለልደት የሚገዛው ትልቁ የቁጥር ፊኛ 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጭራው ላይ የሚያብረቀርቅ ሪባን ካለ ደግሞ የበለጠ ይደርሳል።

ሁለቱን ሲነካ ኮንታክት ይፈጠራል። አልሙኒየሙ በቅጽበት ይተናል። ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። የተነነው ብረትና የጋለው አየር ራሳቸው ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናሉ። እንደ ፍንዳታ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ዓይን የሚያጭበረብር ብልጭታ ይታያል። ከቀለለ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ወይም የማከፋፈያ ጣቢያው ብሬከር መስመሩን ይቆርጠውና ሰፈሩ ይጨልማል። ከከፋ ሽቦው ቀልጦ ይበጠስና ኤሌክትሪክ እንደያዘ መሬት ይወድቃል። የቀለጠው ፍንጣሪ የሣር ክምር ወይም የገበያ ሸራ ላይ ካረፈ እሳት ይነሳል።

ደሴ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ከፍታው ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ይህ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። መሐንዲሶች መስመር ሲዘረጉ ይህን ያሰላሉ። የሚያሰሉት ግን ለአየሩ ነው እንጂ በመሃል ለሚገባ አልሙኒየም አይደለም።

ሁለተኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ የተደረደረች ከተማ ናት። የላይኛው ቤት በረንዳ ከታችኛው መንገድ ሽቦ ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ፊኛው ወደ ላይ መውጣት እንኳ አያስፈልገውም። ንፋስ ወደ ጎን ከገፋው ይበቃል።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብትሆንም የራሷ ስጋት አላት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረት ሥራው ሁሉ መብራት ላይ የተንጠለጠለ ነው። መብራት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ድርግም ብሎ ቢመለስ እንኳ ማሽኖች ይቆማሉ። እንደገና ማስነሳቱ ጊዜ ይወስዳል፣ በመሃል የነበረውም ምርት ይበላሻል። በሁለቱም ከተማ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣው አለ።

ደረጃ 1፦ ሂሊየም የግድ ያስፈልጋል ወይ?

ዲኮር ሠሪዎች፣ ከሁሉ በፊት ደንበኛውን ይህን ጠይቁት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ የስም ፊደላትና የዓመት ቁጥሮች ሂሊየም አያስፈልጋቸውም። በእጅ ፓምፕ ተራ አየር ሞልታችሁ በክር ወይም በማጣበቂያ ስቀሏቸው። አየር የተሞላ ፊኛ ወደ ሰማይ አይወጣም። ለደንበኛውም ይረክሳል።

ከፍ ብሎ እንዲታይ ከተፈለገ በፕላስቲክ ዘንግ ወይም በማቆሚያ ላይ ማሰር ይቻላል። በዝግ አዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ ሰርግ ይህ ከበቂ በላይ ያምራል። የግድ መንሳፈፍ አለበት ከተባለ የጎማ ፊኛ በጥጥ ክር ከፎይሉ ይሻላል፤ ጎማ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያስተላልፍም። እሱንም ቢሆን ወደ ሰማይ አትልቀቁት። ወድቆ ከብት ይበላዋል፣ ቦይ ይዘጋል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ደግሞ የፈነዳውን የጎማ ቁራጭ ወዲያው አንሱት፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ያንቃል።

ደረጃ 2፦ ጋዙን አረጋግጡ

ሲሊንደሩ ላይ ሂሊየም መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ይሁን። በተለያዩ የዓለም አገሮች በርካሽ የሚዘጋጅ ሃይድሮጅን ፊኛ ውስጥ ይሞላል። ሃይድሮጅን ከሻማ፣ ከሲጋራ ወይም ከትንሽ ብልጭታ ጋር ሲገናኝ በነበልባል ይፈነዳል። ሽቦ ላይ ከደረሰማ እሳቱ እጥፍ ነው። ሻጩ ጋዙን ከየት እንዳመጣው ማስረዳት ካልቻለ አትግዙት። ሂሊየሙንም ቢሆን ድምፅ ለማቅጠን ብሎ ከሲሊንደር የሚስብ ልጅ ካለ አስቁሙት። ሰውን አፍኖ ይገድላል።

ደረጃ 3፦ ስትሞሉ ከፍታውን አስቡ

በባሕር ጠለል ከፍታ 1 ሊትር ሂሊየም 1 ግራም ገደማ ያነሳል። ደሴ ላይ አየሩ ስለሳሳ 0.8 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያነሳው። ትንንሽ ፎይል ፊኛዎች ደሴ ላይ በጭንቅ የሚነሱት ለዚህ ነው። አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ጋዙን ይጨምራል። ፎይል ግን እንደ ጎማ አይለጠጥም፤ ስፌቱ ይፈነዳል። ይህን ከማድረግ መጠኑን ከፍ ያለ ፊኛ መምረጥ ወይም በአየር ሞልቶ መስቀል ይሻላል።

ኮምቦልቻ ሞልታችሁ በሐረጎ ዳገት ደሴ የምታመጡ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አትንፉት። በዚያች 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ጋዙ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ፊኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ መጨማደድ እስኪቀረው ብቻ ሙሉት፤ ደሴ ሲደርስ ራሱ ይወጠራል። ስትጓዙ በዝግ መኪና ውስጥ ይሁን። በሰርግ አጀብ ከመኪና መስኮት ውጭ የሚያውለበልቡት ፊኛ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ መታጠፊያ ላይ ነው። ሐረጎ ደግሞ ከላይ እስከ ታች መታጠፊያ ነው።

ደረጃ 4፦ ክብደትና ክር

ያለ ክብደት አንድም ፎይል ፊኛ ከሱቅ አይውጣ። ከመመሪያው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል የማነሳው ይሄንን ነው። ሕፃን ልጅ እጅ ላይ በክር ማሰር ክብደት አይባልም። ልጁ ይደክመዋል፣ ያወልቀዋል፣ ወዲያው ያመልጣል።

ለአንድ ፊኛ ከ100 ግራም ያላነሰ ክብደት እሰሩ። ለእቅፍ ፊኛ ግማሽ ኪሎ ይሁን። ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። በውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በሚያምር ወረቀት ጠቅልሉት። ትንሽ ከረጢት አሸዋም ይሆናል። ፊኛው የሚያነሳው ጥቂት ግራም ቢሆንም ክብደቱ ይህን ያህል የበዛው ለንፋስ ነው። በር ላይ አቁማችሁ ሞክሩት። ንፋስ ሲመጣ ክብደቱ ከመሬት ከተነሳ ወይም ከተጎተተ ጨምሩ።

ክሩ የጥጥ ወይም ተራ የስፌት ክር ይሁን። የሚያብረቀርቅ ሪባን፣ ብር ወይም ወርቅ መሰል ፈትል፣ ቀጭን ሽቦ ክልክል ይሁን። ብዙዎቹ እንደ ፊኛው ሁሉ ብረት ያለበት ሽፋን አላቸው። ፎይል ፊኛዎችን እርስ በርስ አትሰሩ። አምስት ሆነው ካመለጡ ሁለት ሽቦ የማገናኘት ዕድላቸው ይበዛል። እያንዳንዱ በራሱ ክር ከክብደቱ ጋር ይታሰር።

ደረጃ 5፦ ቦታውን ዙሩት

ድንኳን ከመተከሉ በፊት ግቢውን ዞር ዞር ብላችሁ ቀና በሉ። ሽቦው የት ነው? ትራንስፎርመሩስ? ግቢያችሁ ዳገት ላይ ከሆነ ከበረንዳችሁ ትይዩ ያለውን ሽቦ ጭምር ተመልከቱ። ውጭ ሽቦ ሥር ከሆናችሁ ሂሊየም ያለበትን ፎይል ጨርሶ ተዉት። ፎይሉ ቤት ውስጥ ወይም ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ይቆይ።

የሚተኮስ ኮንፌቲም (ወደ ላይ የሚበተን ቁርጥራጭ) በዚሁ ይታያል። ብልጭልጭ የብረት ሽፋን ያለው ከሆነ ሽቦ ሥር አትተኩሱት። የወረቀቱ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ድግሱ ሲያልቅ

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። ሙሽሮቹ ሄደዋል፣ አስተናጋጁ ደክሞታል፣ ወንበር እየተሰበሰበ ነው። ፊኛዎቹ ግን አሁንም ይንሳፈፋሉ። ልጆች ክሩን ይቆርጡና ይጫወቱበታል። ሌላው ሰው ደግሞ «ያምራል» ብሎ ለፎቶ ይለቅቀዋል። የምረቃ ቀን ፊኛ መልቀቅ እንደ ደስታ መግለጫ የታየበት ቦታ ሁሉ ጣጣው ሽቦ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ ድግሱ ሳይጀመር አንድ ሰው በስም ይመደብ። ዲኮር ሠሪው ራሱ ቢሆን ይመረጣል። በውሉ ላይ «ፊኛውን አስተንፍሶ መሰብሰብ» የሚል መስመር ይግባ። ባለ ድግሱም የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍለው ይህ ሲጠናቀቅ ይሁን።

ማስተንፈሱ ቀላል ነው። ፎይል ፊኛ ጭራው ላይ ራሱን የሚዘጋ ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ የመጠጥ ስትሮ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ጋዙ መውጣት ሲጀምር ፊኛውን ከላይ ወደ ታች በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ካልተቀደደ አጣጥፋችሁ አስቀምጡት፤ እንደገና ይሞላል። የማትፈልጉት ከሆነ ጭራው አካባቢ በመቀስ ቁረጡት። ይህን ሁሉ በቤት ውስጥ ሥሩ፤ ውጭ እያስተነፈሳችሁ ካመለጠ ድካማችሁ ከንቱ ነው። የተነፈሰውን ቆራርጣችሁ ከረጢት ውስጥ ቋጥሩ። ክፍት ቆሻሻ ላይ የተጣለ ፎይል በንፋስ ተነስቶ ዝቅ ያለ ሽቦ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። አታቃጥሉት።

ደረጃ 7፦ ካመለጠና ሽቦ ላይ ካረፈ

አትንኩት። በእንጨት አትጎትቱት፤ እርጥብ እንጨትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ድንጋይ አትወርውሩ። ልጆችን ከሥሩ አርቁ። ምሰሶ ላይ የሚወጣ «ጀግና» ካለ አስቆሙት። ምንም ድምፅ ባይኖርም ዝም ማለቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ንፋስ ሲያወዛውዘው ሌላውን ሽቦ ሊነካ ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ደውሉ። ስትደውሉ ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ በአቅራቢያ ያለውን ታዋቂ ቦታና ምሰሶው ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ ንገሯቸው። «ፒያሳ» ማለት ብቻ አይበቃም። የትኛው መታጠፊያ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ ጀርባ እንደሆነ ግለጹ።

ሽቦው ተበጥሶ ከወደቀ ከ10 ሜትር በላይ ራቁ። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ እንኳ ቢሆን ሽቦው ሞቷል ብላችሁ አታስቡ። መስመሩ ራሱን መልሶ ሊያበራ ይችላል። መሬቱም ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቅርብ ከሆናችሁ አትሩጡ፤ እግራችሁን ሳታነሱ፣ ሁለቱን እግሮች አቀራርባችሁ እየተንሸራተታችሁ ውጡ። በመኪና ላይ ከወደቀ ውስጥ ቆዩ። መኪናው በእሳት ከተያያዘ ብቻ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳትነኩ፣ ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ዝለሉና እየተንሸራተታችሁ ራቁ። የተመታ ሰው ካለ መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ አትንኩት። ይህ ለወገን ጭካኔ አይደለም፤ ሁለተኛ አስከሬን እንዳይጨመር ነው።

ደረጃ 8፦ ደንቡን ማርቀቅ

ከባዶ መነሳት አያስፈልግም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሕግ አላት። ሻጩ ክብደት እንዲያስር፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር እንዳይጠቀም፣ ፎይሎችን እርስ በርስ እንዳያስር፣ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያስገድዳል። በሕዝባዊ ዝግጅትና በማስታወቂያ ላይ ከቤት ውጭ መልቀቅም ክልክል ነው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ግዛት ፎይል ፊኛ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር የመብራት መቋረጥ ያስከትላል። ስለዚህ በ2022 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ ወጣ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ፊኛዎች ቀስ በቀስ እየቀነሱ እስከ 2031 እ.ኤ.አ. ድረስ በማያስተላልፉ እንዲተኩ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፊኛ መፈተሻ የሚሆን ቴክኒካዊ ደረጃም ተዘጋጅቷል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። መልቀቅን መከልከል ብቻውን አልበቃም። ሆን ብሎ ከሚለቅቀው ይልቅ ሳያስበው የሚያመልጠው ይበዛል። ለዚህ ነው ደንቡ ሻጩ ላይ ይጠንክር የምለው። ሻጮች ጥቂት ናቸው፣ ሱቃቸውም ይታወቃል። ገዢው ግን ሺህ ነው።

ረቂቁ አጭር ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ማንኛውም ሻጭ ከአየር በቀለለ ጋዝ የተሞላ፣ ብረታማ ሽፋን ያለው ፊኛ ሲሸጥ ወይም ሲያከራይ ፊኛው እንዳይነሳ የሚያደርግ በቂ ክብደት ማሰር አለበት። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ወይም ሪባን መጠቀም፣ ፊኛዎቹንም እርስ በርስ ማሰር የተከለከለ ነው።»

«ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለውን ፊኛ ከቤት ውጭ መልቀቅ አይችልም።»

«የዲኮር አገልግሎት ሰጪ ዝግጅቱ እንዳበቃ ያቀረባቸውን ፊኛዎች አስተንፍሶ የመሰብሰብ ኃላፊነት አለበት።»

«ሻጭ በሱቁ ውስጥ በሚታይ ቦታ፣ ፊኛው ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ሲገናኝ አደጋ እንደሚያስከትል የሚገልጽ ጽሑፍ መለጠፍ አለበት።»

ቅጣቱን በተመለከተ ረጋ ማለት ጥሩ ነው። መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደጋገም መጠነኛ ቅጣት፣ ከዚያ የንግድ ፈቃድ ጉዳይ። ከልጁ እጅ ፊኛ ያመለጠበትን አባት መቅጣት ግን ትክክል አይመስለኝም። ሰዉ ከተፈራ 905 አይደውልም፤ ፊኛውን ሽቦ ላይ ትቶ ዝም ይላል። ያ ከሁሉም የከፋ ነው። ስለዚህ «በፈቃዱ ያሳወቀ ሰው አይቀጣም» የሚል አንቀጽ ይጨመርበት።

ረቂቁ ወደ ከተማው ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት ዲኮር ሠሪዎችን፣ የአዳራሽ ባለቤቶችንና የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ባለሙያዎች አንድ ላይ አስቀምጡ። የቴክኒክ ቋንቋው ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ሊረዱ ይችላሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ደንብ ቢያወጡ ይመረጣል። አንዱ ከተማ ሲከለክል ሌላው ከፈቀደ ዕቃው በሐረጎ ይመላለሳል።

ደረጃ 9፦ ማስከበርና መከታተል

ጊዜውን አስቡበት። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከፋሲካ በኋላም ሰርግ ይበዛል፤ ከረመዳን በፊትና ከኢድ በኋላም እንዲሁ። ክረምት መግቢያው ላይ ደግሞ ምረቃ አለ። ደንቡ ከእነዚህ ወራት ቀደም ብሎ ይውጣ። ሻጩ በእጁ ያለውን የሪባን ክምችት እንዲጨርስ ወይም እንዲቀይር ጊዜ ስጡት።

የደንብ ማስከበር ሠራተኞች ሱቅ ሲጎበኙ የሚያዩት ነገር ግልጽ ይሁን፦ ክብደት አለ ወይ፣ ክሩ ምንድን ነው፣ ጽሑፉ ተለጥፏል ወይ፣ ሲሊንደሩ ላይ ሂሊየም ተብሎ ተጽፏል ወይ። ከዚህ በላይ ከጠየቁ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። የአዳራሽ ባለቤቶች በኪራይ ውላቸው ላይ ስለ ፊኛ አንድ መስመር ቢጨምሩ ግማሹ ሥራ ያልቃል። እድሮችም ድንኳን ሲያከራዩ በቃል ያሳስቡ። ለትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ መንገር ከየትኛውም ፖስተር ይበልጣል፤ ቤት ገብተው ለወላጅ ይናገራሉ።

በመጨረሻም መዝገብ ይኑር። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ቴክኒሻኖች መስመር ሲጠግኑ ምክንያቱን በሚጽፉበት ቅጽ ላይ «ፊኛ» የሚል አንድ ምድብ ይጨመርላቸው። ዛፍ፣ ወፍ፣ ንፋስ፣ ፊኛ። ቦታውና ቀኑም ይጻፍ። አንድ የሰርግ ወቅት ካለፈ በኋላ መዝገቡን ከደንብ ማስከበሩ ሪፖርት ጋር አስተያዩት። አንድ ሰፈር ከተደጋገመ፣ እዚያ ያለውን ሱቅ ወይም አዳራሽ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ያ ቦታ ዳገቱ ላይ ከሆነና ሽቦው ከበረንዳ እኩል ከሆነ ደግሞ የተሸፈነ ሽቦ እንዲቀየርለት በደብዳቤ ጠይቁ፤ መዝገቡን አያይዛችሁ።